የአያ ደምሌ መኪና ዋሶች

አያ ደምሌ ማረፋቸውን የነገረኝ የድሮው መሥሪያ ቤቴ ጥበቃ ነው። ሐሙስ ረፋድ ላይ ባሕር ዳር ቢሮዬ ውስጥ የአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ የመድን ውል ሳገላብጥ ደወለልኝና፣ «ያ ነዝናዛ ሽማግሌህ አረፉ» አለኝ። ታመው ሰንብተው፣ ከአልጋቸው ላይ፣ ዘመድ ወዳጅ ከቧቸው ነው የሞቱት። ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነበር። ሰውየው ዓመት ከዓመት የለመኑኝን አንዲት ወረቀት ሳልሰጣቸው ሄዱ። በማን እንደምናደድ ግን ዛሬም በቅጡ አላውቅም።

ያን ጊዜ ወረታ በሚገኝ የአንድ መድን ድርጅት ቅርንጫፍ ውስጥ የውል ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ባለመኪና ሲመጣ ቅጽ መሙላት፣ ሊብሬውን ማየት፣ ቁጥሩን ከቁጥሩ ማመሳከርና ማኅተም ማስመታት ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቼ የፎገራ ሙቀት ላይ ስወድቅ ሥራው ቀላል መሆኑ ብቻ ነበር የሚያጽናናኝ። አያ ደምሌ እስኪመጡ ድረስ በእውነትም ቀላል ነበር።

የመጡት ግንቦት ውስጥ ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ግንባራቸው ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ነጠብጣብ የተወላቸው ሽማግሌ ናቸው። በእጃቸው ሁልጊዜ አንድ ጨርቅ አለ። ጥያቄ ሲጠየቁ ከመመለሳቸው በፊት ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ይወለውላሉ፤ እጃቸው ታጥቦ የጸዳ ቢሆንም ያው ነው። እኔን የመሰለ ችኩል ሰው ፊት ይህን ሲያደርጉ ደሜ ይፈላ ነበር።

«የመኪናው ዓይነት?» አልኳቸው።

ወለወሉ። «እሱንስ እኔም ቸግሮኛል» አሉ። «ሲፈጠር የመስክ መኪና ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ውኃ ይሻገራል።»

ከቅጹ ላይ «በተሽከርካሪው ላይ የተደረገ ለውጥ ካለ ይገለጽ» የምትል አንዲት መስመር አለች። በዚያ ቅርንጫፍ ስሠራ ያችን መስመር የሞላ ሰው አላየሁም ነበር። አያ ደምሌ ግን ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ያስጽፉኝ ጀመር። መኪናውን ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ሲገዙት ሞተሩ የሞተ ስለነበር የሌላ መኪና ሞተር አስገብተውለታል። ባሌስትራውን ደርበው ከፍ አድርገውታል። ጎማው የትራክተር ነው። ሞተሩ አየር የሚስብበት ቱቦ ከመስኖ ፓምፕ የተወሰደ ሲሆን በፊት መስታወቱ ጎን ሽቅብ ወጥቶ ከጣሪያው በላይ ይተነፍሳል፤ ማርሚታውም እንደዚሁ ጭሱን የሚተፋው ከላይ ነው። ከኋላ ወንበር የለውም። በወንበሩ ፋንታ ቃሬዛ በከመነዳሪ ጎማ ቁራጭ ተንጠልጥሏል፤ በክረምት ውኃ ከከበበው ቀበሌ ነፍሰ ጡር ስትጫን መንገጫገጩ እንዳይጎዳት ነው። መስመሯ ሞልታ ኅዳጉ ላይ ጻፍኩ፤ ኅዳጉም ሞልቶ ወረቀቱን ገለበጥኩ።

«አያ ደምሌ» አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ይቺ መስመር ባዶ ብትሆን እኮ ማንም አይጠይቅዎትም።»

ያልኩት ነውር እንኳ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው። የዓመት ምርመራ ሲደርስ ወረታ ውስጥ ጎማ መዋዋስ የተለመደ ነው። ባለመኪናው የጎረቤቱን ደህና ጎማ አስሮ ይመረመርና ቦሎውን ለጥፎ ሲመለስ ጎማውን ፈትቶ ይመልሳል። ለእሳቸውም የፋብሪካ ጎማና ማርሚታ ለአንድ ቀን ማዋስ የሚችል ሰው አይጠፋም ነበር።

ጣቶቻቸውን በጨርቁ ረጅም ጊዜ ወለወሉ። ከዚያ ያወሩኝን ነገር ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አላውቅም። በጉብዝናቸው ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ። አንድ ዓመት በተዋሱት ጎማ መኪናውን አስመርምረው የተላጨውን መልሰው አሰሩ። ከወር በኋላ ወደ ደብረ ታቦር ሲወጡ ያ ጎማ ፈነዳና አህያ የሚነዳ ገበሬ ገድለው ቆሙ። የመድኑ ሰው መጣ፣ ጎማውን አየ፣ ከምርመራው ወረቀት ጋር አመሳከረ፤ ውሉ በውሸት ላይ የቆመ ነው ተባለና ለሟች ቤተሰብ ሳይከፈል ቀረ።

«ሚስቱ ችሎት ላይ አየችኝ» አሉ። «አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ በወደድሁ። ከዚያ ወዲህ ይኸ መድን ለኔ እንዳይደለ ገባኝ። እኔማ መሪው ላይ ነኝ፣ የሠራሁትን አውቃለሁ። የምገዛው ገና ላላገኘሁት ሰው ነው። ስሙን አላውቅ፣ አገሩን አላውቅ። በሱ ስም እንዴት ልዋሽ? ጻፍ ልጄ፣ እንዳለ ጻፈው።»

እንዳለ ጻፍኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮም ሰላም አላገኘሁም።

ዋናው መሥሪያ ቤት የመለሰው ደብዳቤ ለውጦቹን በሚመለከት የአምራች ፋብሪካው ማረጋገጫ ይቅረብ ይላል። ባነበብኩላቸው በሳምንቱ አያ ደምሌ በንጹሕ ወረቀት የተጻፈ ማረጋገጫ ይዘው ከች አሉ። ለውጡን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ብየዳውም የእጄ ነው፣ ቢሰበር ተጠያቂ ነኝ ይላል፤ ከሥሩ ፈርመዋል።

«ፋብሪካው ነው የተባለው እኮ!»

«ታዲያ ፋብሪካው ሌላ የት አለ? ዓለም በር መውጫ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ነው። መጥተው ይዩታ።»

ሳልወድ ሳቅኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮው ደግሞ መኪናውን ለመመርመር መጀመሪያ የሦስተኛ ወገን መድን አምጣ ይላቸዋል፤ መኪናው ሰው ቢጎዳ የሚክሰውን መድን ማለት ነው። እኛ ደግሞ መድኑን ለመስጠት መጀመሪያ ምርመራ እንላለን። ሽማግሌው በሁለቱ ቢሮዎች መካከል በፀሐይ ሲመላለሱ ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ቢሮዬ በር ላይ ቆመው ሰማዩን አዩና «ውኃ ፎርም አይሞላም» ብለውኝ ሄዱ።

ሐምሌ ላይ ድርጅቱ መኪናው በአካል ታይቶ ሪፖርት ይላክ ብሎ አዘዘ። ጋራዣቸው ስደርስ መኪናውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ስለ መልኩ ምን ልበል፤ አስቀያሚ ነው። ሴት ልጃቸው ሙሉዓለም ከሥሩ ተኝታ ብሎን ስታጠብቅ አገኘኋት። ሠላሳዎቹን የያዘች፣ ነገር የማታበዛ ባለሙያ ናት፤ ሥራውን ከአባቷ ተምራ አሁን እሷም ትነዳዋለች ተባልኩ። አያ ደምሌ ጋቢና አስገቡኝና አስፋልቱን ሳንነካ በጓሮ መንገድ ወደ ቁሐር ሚካኤል ሜዳ ወረድን።

ፎገራን በበጋ ብቻ የሚያውቅ አያውቀውም። ርብና ጉማራ ሞልተው፣ ጣናም ከወዲያ ገፍቶ፣ የሩዙ ማሳና መንገዱ አንድ ውኃ ሆኗል። መንገዱ የት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ያችን ግራር ያያሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ያያሉ፣ መሪውን ትንሽ ይነካሉ። ውኃው በር ላይ ሲደርስ እኔ እግሬን ወንበር ላይ ሰቀልኩ። «ሪፖርትህ ላይ ይኸንንም ጻፍ» አሉኝ እግሬን እያዩ።

ወደ አገር ውስጥ ዘልቀን አንዲት ጉብታ ላይ ሰዎች ቆመው እጅ አወዛወዙ። ምጥ የጀመራት ሴት ነበረች። ቃሬዛው ላይ አስተኟት፤ እናቷ ከጎኗ ገባች፤ ተመለስን። መኪናው እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲሄድ፣ ሴቲቱ በመንገጫገጩ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸችም። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ስንደርስ ግን አያ ደምሌ ሞተሩን አጠፉ።

«ምነው?» አልኩ።

«ከዚህ ወዲያ አይሄድም።» ትራፊክ ፖሊስ መድን የለህም ብሎ ታርጋውን ፈትቶ ከወሰደው ሳምንት አልሞላውም። ጭቃው ውስጥ የሚጠይቅ የለም፤ አስፋልት ላይ ግን ሕግ አለ። ስለዚህ ሴቲቱን ዝናብ ላይ አውርደን ባጃጅ ውስጥ አጠፍናት፤ ሌላ ቃል የለውም፣ አጠፍናት። ያኔ ጮኸች። ሆስፒታሉ ሩቅ አልነበረም። አያ ደምሌ ባጃጁን በዓይናቸው ሸኝተው ጨርቃቸውን አወጡ።

«አየኸው አይደል? ያንተ ወረቀት የጎደለችው ከዚህ እስከዚያ ነው።»

ደረቴ ላይ የድርጅቱ ባጅ ተንጠልጥሏል። አፈርኩ፤ ማፈሬ ደግሞ አናደደኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ሕጉን እኔ አላወጣሁት! ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እኔም ስለ ድርጅቱ አሠራር ትንሽ ጮኽኩላቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ደክሞሃል፣ ግባ ላድርስህ» አሉኝና በራሳቸው ሳቁ፤ መኪናው አስፋልት ስለማይወጣ የሚያደርሱኝ በእግር ነበር።

ስምንት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ። ፎቶ አያያዝኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲደርስ እያደር ይደፈርሳል። መልሱ ተሽከርካሪው በየትኛውም ምድብ ስለማይካተት ሽፋን ሊሰጠው አይችልም የሚል ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ደብዳቤውን አሳይቶኝ «በቃ፣ ተወው» አለኝ።

አያ ደምሌ ይህን ለቁሐር ሚካኤል ሰዎች እንዴት አድርገው እንደነገሯቸው አላውቅም። ሰዎቹ የገባቸው ግን መድን ቤቱ አላመነንም፣ ዋስ ይፈልጋል የሚል ነው። በአገራቸው ደግሞ ሰው ካላመነህ ዋስ ትጠራለህ፤ ነገሩ ያልቃል። አንድ ረፋድ አሥራ ሁለት ሽማግሌዎች በቄሰ ገበዙ መሪነት ቢሮዬን ሞሉት። ቄሰ ገበዙ ከጋቢያቸው ሥር ወረቀት አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። አነበብኩት።

«የደምሌ መኪና ሰው ቢጎዳ ደምሌ ብቻውን አይጠየቅም፤ እኛ አለን። የተጎዳው የኛ አገር ሰው ቢሆን ባይሆንም እስኪድን እናስታምማለን። እርሻው ጦም እንዳያድር እናርሳለን፣ አዝመራው ከማሳ እንዳይቀር እናጭዳለን። ይኸን ባናደርግ የሚካኤል ወቀሳ ይድረስብን።» ከሥሩ አሥራ ሁለት ጣት ታትሟል።

«አባ» አልኳቸው፣ «ይህ ለእኛ አይሆንም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ዋሱ አነሰ?» አሉኝ ቄሰ ገበዙ።

አላነሰም፣ ነገሩ እንዲህ አይደለም፣ መድን ማለት ሌላ ነው እያልኩ ብዙ አስረዳሁ። በትሕትና አዳመጡኝ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ፤ ወረቀቱ ላይ አርባ ጣት ታትሟል። ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ ሳቁን ለቀቀው። እኔም ለመሳቅ ዳድቶኝ ነበር፤ አንደኛው ሽማግሌ በቀለም የጠቆረ አውራ ጣታቸውን ሲጠርጉ ሳይ ሳቄ ጠፋ። ወረቀቱን አባሪ አድርጌ ላክሁት። «ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የሌለው አባሪ ተመላሽ ተደርጓል» ብለው መለሱልኝ። ያን ቀን ቢሮ ውስጥ የነበረውን ጠረጴዛ በእርግጫ መታሁት፤ እግሬን አመመኝ እንጂ ምንም አልተለወጠም።

በዓመቱ ክረምት ሲወጣ፣ አያ ደምሌ ደወሉልኝ። በስልክ አውርተን አናውቅም ነበር።

«ልጄ፣ ያ ሰው መጣ» አሉኝ።

«የቱ ሰው?»

«ያ ገና ያላገኘሁት። ዛሬ አገኘሁት። ካሴ ይባላል፣ የሊቦ ሰው ነው።»

አስፋልቱ ጠርዝ ላይ በሽተኛ አውርደው ባጃጅ ላይ ከጫኑ በኋላ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያዞሩ በብስክሌት የሚያልፍ ገበሬ ገጭተው ጭኑን ሰብረውታል። ሰውየውን አንሥተው፣ ያለ ታርጋ፣ ያለ መድን፣ አስፋልቱን ይዘው ሆስፒታል አደረሱት። ከዚያ መኪናውን ነድተው ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ አቆሙና እጃቸውን ሰጡ። የደወሉልኝ ከዚያው በፖሊሱ ስልክ ነው። «አንተን ለመውቀስ አይደለም» አሉ። «የሚሰጠው ነገር እንደሌለ እንዲያው ላረጋግጥ ብዬ ነው።»

እንደሌለ አረጋገጥኩላቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም። ያችን መስመር ባዶ ትተዋት ቢሆን ኖሮ ካሴ ካሳውን ያገኝ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ አያገኝም፣ እኛው መርምረን ውሸቱን እናወጣው ነበር አልኩ። ለእውነተኛውም ለውሸተኛውም ያው አንድ በር ነው የዘጋነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አይቼዋለሁና አይረሳኝም። ቄሰ ገበዙና ሽማግሌዎቹ ሊቦ ድረስ ሄደው ከካሴ ዘመዶች ጋር ተነጋገሩ፤ አያ ደምሌም በዋስ ተፈቱ። የሩዝ አጨዳ ሲደርስ፣ ማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ፣ የቁሐር ሚካኤል ሰዎች ማጭዳቸውን ይዘው በወረታ ሲያልፉ አየሁ። የራሳቸው ሩዝ ማሳ ላይ ቆሞ የካሴን ሊያጭዱ እየሄዱ ነው። ከፊት የሚሄዱት አያ ደምሌ ናቸው። አዩኝና ማጭዳቸውን ከፍ አድርገው ሰላም አሉኝ። ቀጥዬ ለዋናው መሥሪያ ቤት ስለዚህ ነገር ጻፍኩ። መልስ አልመጣም።

ወደ ባሕር ዳር ተዛወርኩ። አያ ደምሌ ግን በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቅጻቸውን ሞልተው ቅርንጫፉን ማንኳኳታቸውን አላቆሙም፤ ባሕር ዳር በመጡ ቁጥርም ብቅ ይሉና «ዘንድሮስ ምድብ አልወጣለትም?» ይሉኛል። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አይቆጡም። ሻይ ጠጥተው፣ እጃቸውን ወልውለው ይሄዳሉ። እኔ ቀኑን ሙሉ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስጣላ እውላለሁ።

ዓርብ ልቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ዓለም በር መውጫ፣ ጋራዡ ፊት ለፊት ተተክሏል። ሙሉዓለምን አጽናናሁና ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀመጥኩ። ካሴም ነበር፤ አንድ እግሩን ጎተት እያደረገ ለለቀስተኛው ውኃ ያድላል። አልቅሼ ሲወጣልኝ ቄሰ ገበዙ ያንኑ ወረቀት አዲስ አድርገው እያስጻፉ መሆኑን አየሁ። ከእንግዲህ መኪናውን የምትነዳው ሙሉዓለም ስለሆነች ዋስትናው በስሟ መታደስ አለበት። ካሴ ማሰሮውን አስቀምጦ መጣና ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ።

ተነሥቼ ሄድኩ። «አባ፣ እኔም ልፈርም» አልኳቸው። ያ ሁሉ ዓመት የከለከልኩትን ቢያንስ በገዛ ስሜ ልስጥ ብዬ ነው።

ቄሰ ገበዙ አተኩረው አዩኝ። አወቁኝ፤ ፊታቸው ላይ ቂም አልነበረም።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉ። «ሰው ቢጎዳና ብንጠራህ በስንት ሰዓት ትደርሳለህ?»

«አሁን ባሕር ዳር ነው ያለሁት።»

«ማጭድ ትይዛለህ?»

«ይዤ አላውቅም።»

«በሽተኛስ የምታስታምምበት ቤት ከኛ ቀዬ አለህ?»

«የለኝም፣ አባ።»

እንዳይከፋኝ ሰግተው ይመስለኛል፣ ትከሻዬን በእጃቸው ነካ አድርገው፣

«እንግዲያስ አንተን ጽፈን የተጎዳውን ሰው አንዋሸውም» አሉኝና ወረቀቱን ቀጥሎ ለቆመው ገበሬ አቀበሉት።